ስለ ባዜቃ ጢስና ስለ ቤተ ሰብ ጤና

ፈረንጆች ሜርኩሪ የሚሉት ባዜቃ እንደ ብር የሚያበራ እንደ ውኃም የሚፈስ ብረት ነው። በትኩሳት መለኪያ፥ በረጅሙ የፍሎረሰንት አምፖል፥ በአንዳንድ ባትሪም ውስጥ ይገኛል። እነዚህ ዕቃዎች በተሰበሩ ጊዜ በሳንሱሲም ሆነ በሌላው ሰፈር ያለ ቤተ ሰብ ከጥራጊው ጋራ ይጥላቸዋል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚደርሱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የአዲስ አበባ ጥራጊ ለብዙ ዘመን የተከመረው ቆሼ በሚባለው ስፍራ ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ነሐሴ 13 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በዚያው አጠገብ፥ በቀን 1,400 ቶን ያህል ጥራጊ አቃጥሎ የኤሌትሪክ ኃይል እንዲሰጥ የታቀደው የረጲ ማመንጫ ተመረቀ። አገራችን ኤሌትሪክን የምታገኘው ይልቁንም ከወንዞቿ ነውና፥ በሌላው ዓለም ከድንጋይ ከሰል ማመንጫዎች የሚወጣው የባዜቃ ጢስ ለእኛ ሩቅ ነገር ነበር፤ ጥራጊ በእሳት ከተበላ ወዲህ ግን ጉዳዩ የእኛም ሆነ።

ብዙው ብረት በምድጃ ውስጥ ከአመዱ ጋራ ሲቀር፥ ባዜቃ በ357 ዲግሪ ስለሚፈላ ተንኖ ወደ ጢስ መውጫው ይወጣል። ከፊሉ በአቅራቢያው ይወርዳል፤ ከፊሉን ነፋስ ተሸክሞ ባሕር ያሻግረዋል። ወደ ውኃ የገባው ተለውጦ በዓሣ ሥጋ ይከማቻል፤ ዓሣውን በምትበላ እርጉዝ ሴት በኩልም የፅንሱን አእምሮ ይጐዳል። በ1948 ዓ.ም. በጃፓን አገር በሚናማታ የታወቀው በሽታ ከፋብሪካ ወደ ባሕር ከተለቀቀ ባዜቃ የመጣ ነበር፤ እናቶች ደኅና መስለው ሳሉ ልጆቻቸው ሰውነታቸው ተሰናክሎ ተወለዱ። በዚያች ከተማ ስም የተጠራው የዓለም ውል ነሐሴ 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ሲጸና፥ የድንጋይ ከሰል ማመንጫዎችንና የጥራጊ ማቃጠያዎችን ከሚቈጣጠራቸው መካከል አስገባ።

መከላከያው የታወቀ ነው። ልዩ ሆኖ የተዘጋጀ የከሰል ዱቄት ወደ ጢሱ ሲነፋ ባዜቃውን ይይዛል፤ ከዚያም በከረጢት ማጣሪያ ይጠለላል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በአንድ ሜትር ኩብ ጢስ ከ0.05 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ወስኖ ነበር። ዳሩ ግን ዱቄቱ ያለቀበት ቀንና ያላለቀበት ቀን ለዓይን አንድ ነው፤ የባዜቃ ትነት ቀለምም ሽታም የለውምና። ስለዚህ በመሣሪያ ተለክቶ በመዝገብ ሊሰፍር ይገባል። እኛ በመዝገብ ሥራ የኖርን ሰዎች ያልተጻፈውን ልክ እንዳልተለካ እንቈጥረዋለን።

በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቍጥር 300 ማንም ሰው የራሱ ጥቅም መነካቱን ሳያስረዳ አቤቱታ እንዲያቀርብ፥ በ30 ቀንም ውሳኔ ካላገኘ ወደ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቀደ። ተበዳይ ያልሆነ ሰው ከሳሽ መሆኑ በችሎት እምብዛም የማይታይ ነገር ስለ ሆነ፥ ይህን ቃል ደግመን አነበብነው።

በቤት ውስጥ የትኩሳት መለኪያ ቢሰበር ልጆችን ማራቅና መስኮት መክፈት ያሻል። በመጥረጊያ ከተጠረገ እንክብሉ እየደቀቀ ይበተናልና፥ በወፍራም ወረቀት እየገፉ ሰብስቦ ክዳኑ በሚገጥም ብልቃጥ ማኖር ይሻላል። ይህን የምትሠራ እመቤት አስቀድማ የወርቅ ቀለበቷን ታውልቅ፤ ባዜቃ ከወርቅ ጋራ ይዋሐዳልና።