ያውቁ ኖሯል? የቀላችውን ጨረቃ በካሜራ መያዝ

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ከምሽቱ 2:30 አንስቶ ለ82 ደቂቃ ያህል ጨረቃ በምድር ጥላ ሙሉ በሙሉ ተውጣ በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ፍም መስላ ነበር። የምታቀላት የራሳችን ምድር ናት፦ የፀሐይ ብርሃን በአየራችን ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ይበተናል፤ ቀዩ ታጥፎ ጨረቃ ላይ ያርፋል።

ፎቶ አንሺውን የሚፈትነው የብርሃኑ መለዋወጥ ነው። ሙሉ ጨረቃ በ1/200 ሰከንድ ትነሳለች፤ ስትቀላ ግን የካሜራው ብርሃን የመቀበል አቅም (አይ.ኤስ.ኦ) ከፍ ተደርጎም ቢሆን አንድ ሁለት ሰከንድ ትፈልጋለች። በረጅም ሌንስ ከዚያ በላይ ከቆዩ ጠርዟ ይደበዝዛል፤ ምድር ስለምትዞር ጨረቃ በ2 ደቂቃ የራሷን ስፋት ያህል ትጓዛለችና። ትራይፖድ የግድ ነው። ቁልፉን በጣት መጫን ራሱ ካሜራውን ያንቀጠቅጠዋል፤ የ2 ሰከንድ ማዘግያውን ይጠቀሙ።

ጨረቃ የምትገኝበት ይታወቃል፤ ተወርዋሪ ኮከብ ግን የት እንደሚፈነጥቅ አይታወቅም። ስለዚህ ሰፊ ሌንስ ተገጥሞ፣ የ15 ወይም የ20 ሰከንድ ፎቶዎች ሌሊቱን ሙሉ በተከታታይ ይነሳሉ። የመጀመሪያውን የተወርዋሪ ኮከብ ፎቶ ላዲስላውስ ዋይኔክ ያነሳው በፕራግ ከተማ ነው፤ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 27 ቀን 1885። በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 ለ5 አጥቢያ የጀሚኒድስ ተወርዋሪዎች ይበዛሉ፤ ከከተማ መብራት ራቅ ብለው፣ ጋቢ ደርበው ይጠብቋቸው።