ስልክዎ ባዶ ገጽ ሲያሳይ፦ ጥያቄዎ የት ደረሰ?

በእጅ ስልክ ገንዘብ መላክ፣ የገበያ ዋጋ መጠየቅና የአየር ትንበያ መመልከት በከተማም በገጠርም የዘወትር ተግባር እየሆነ መጥቷል። በተለይም ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ለግብዓትም ሆነ ለሸቀጥ በስልክ መክፈል በብዙ አካባቢዎች ተለምዷል። ይሁንና ብዙዎችን ግራ የሚያጋባ አንድ ችግር አለ። ተጠቃሚው ቁልፉን ይጫናል፤ መተግበሪያው ጥቂት ያስብና ምንም ያልተጻፈበት ገጽ ያሳያል። ስህተት መፈጠሩን አይናገርም፤ መሳካቱንም አያረጋግጥም።

በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው “አልሄደም” ብሎ በመደምደም ድጋሚ ይልካል። ጉዳቱም የሚመጣው ከዚህ ነው። የመጀመሪያው ክፍያ ተፈጽሞ ከነበረ ገንዘቡ ሁለት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ስለዚህ ባዶ ገጽ ምን ማለት እንደሆነ መረዳት ከኪሳራ ያድናል።

መተግበሪያ የሚሠራው መልእክተኛ በመላክ ነው ማለት ይቻላል። ስልኩ ጥያቄውን አሲዞ አገልግሎት ሰጪው ወዳለው ኮምፒውተር፣ ማለትም ወደ ሰርቨር ይልከዋል። ሰርቨሩም መዝገቡን ተመልክቶ ምላሽ ይሰጣል። ገጹ ባዶ ሆኖ ሲቀር ከአራት ነገሮች አንዱ ተከስቷል።

አንደኛ፣ መልእክተኛው ከቤት አልወጣም። የኔትወርክ ምልክት ደካማ ሲሆን፣ የኢንተርኔት ጥቅል ሲያልቅ ወይም የተገዛው ጥቅል ለተወሰኑ ማኅበራዊ መገናኛዎች ብቻ የሚያገለግል ሲሆን ይህ ይፈጠራል። ቴሌግራም እየሠራ ሌላው መተግበሪያ ባዶ የሚሆንበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሁለተኛ፣ መልእክተኛው ደርሶ “የለም” ተብሏል። ለምሳሌ በዚያ ዕለት የጤፍ ዋጋ ያልተመዘገበ ከሆነ ሰርቨሩ ባዶ ዝርዝር ይልካል። እዚህ ላይ ብልሽት የለም፤ ምላሹ ራሱ “የለም” የሚል ነው። የአየር ትንበያ መተግበሪያም የስልኩ የአካባቢ መጠቆሚያ ከተዘጋ የት ቦታ እንደሚጠይቅ ስለማያውቅ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛ፣ መልእክተኛው ደርሶ ጉዳዩን ፈጽሞ ሲመለስ መንገድ ላይ ቀርቷል። ክፍያው በሰርቨሩ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፤ ማረጋገጫው ግን ስልኩ ዘንድ ሳይደርስ ግንኙነቱ ተቋርጧል። ከአራቱ ሁሉ ለገንዘብ አደገኛው ይህ ነው።

አራተኛ፣ ምላሹ ደርሷል፤ ስልኩ ግን ሊያነበው አልቻለም። አገልግሎት ሰጪው የምላሹን አጻጻፍ ሲቀይር ለረጅም ጊዜ ያልታደሰ መተግበሪያ አዲሱን መረዳት ይሳነዋል፤ ገጹንም ባዶ ይተወዋል።

በአገራችን ልብ ሊባል የሚገባው ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም የስልኩ ቀንና ሰዓት ነው። ስልክና ሰርቨር ምስጢር ጠብቀው ለመነጋገር የሰርቨሩን ማንነት የሚያረጋግጥ ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይጠቀማሉ። ይህ ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ተጽፎበታል፤ ቀኑም የሚቆጠረው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያ አቆጣጠር ከዚያ በ7 ወይም በ8 ዓመት ወደኋላ የሚል በመሆኑ፣ ስልኩ ላይ ዓመተ ምሕረቱን በእጁ የሞላ ሰው ስልኩን ሳያውቀው ዓመታትን ወደኋላ መልሶታል። ስልኩም ወረቀቱን “ገና ሥራ ያልጀመረ” ብሎ ስለሚቆጥረው ግንኙነቱን ይከለክላል። ሰዓቱንም በእኛ አቆጣጠር ማስተካከል የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጥራል። መፍትሔው በስልኩ ቅንብር ውስጥ ገብቶ ቀንና ሰዓት ከኔትወርኩ በራሱ እንዲሞላ ማድረግ ነው። የኢትዮጵያን አቆጣጠር ለማየት የሚፈልግ ሰው የቀን መቁጠሪያ መተግበሪያ ለብቻው መጫን ይችላል።

ታዲያ ባዶ ገጽ ሲያጋጥም ምን ይደረግ?

ጉዳዩ ገንዘብ ከሆነ ከሁሉ በፊት ድጋሚ አይላኩ። ቀሪ ሂሳብዎን፣ የግብይት ዝርዝሩንና የገባ አጭር መልእክት መኖሩን ይመልከቱ። መተግበሪያው እንቢ ካለ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውን መንገድ ይጠቀሙ፤ ለቴሌብር *127# በመደወል ሂሳብን ማየት ይቻላል። ተቀባዩንም ደውለው ይጠይቁ። ገንዘቡ ከሂሳብዎ ተቀንሶ ተቀባዩ ዘንድ ካልደረሰ ቀኑን፣ ሰዓቱንና መጠኑን ጽፈው ይያዙና ለአገልግሎት ሰጪው ያመልክቱ፤ ለቴሌብር በ127፣ ለኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደግሞ በ951 መደወል ይቻላል።

ጉዳዩ መረጃ ብቻ ከሆነ በቅደም ተከተል ይሞክሩ። ሌላ ድረ ገጽ ከፍተው ኢንተርኔቱ መሥራቱን ያረጋግጡ፤ ጥቅልዎን ይመልከቱ፤ ቀንና ሰዓቱን ያስተካክሉ፤ መተግበሪያውን ዘግተው ይክፈቱ፤ ከዚያም ያድሱት። መተግበሪያውን አጥፍቶ እንደገና መጫን የመጨረሻው አማራጭ ይሁን፤ በስልኩ ላይ ብቻ የተቀመጠ መረጃ አብሮ ሊጠፋ ይችላልና። የግብርና ምክር የሚፈልግ አርሶ አደርም ኢንተርኔት ባይኖር በ8028 ደውሎ መረጃ ማዳመጥ ይችላል።

ኃላፊነቱ ግን የተጠቃሚው ብቻ አይደለም። ሰርቨር ከምላሹ ጋር የሁኔታ ቁጥር ይልካል፤ 200 ተሳክቷል፣ 204 ተሳክቷል ነገር ግን የሚላክ ይዘት የለም፣ 500 ደግሞ ሰርቨሩ ራሱ ችግር ገጥሞታል ማለት ነው። መተግበሪያ የሚሠሩ ባለሙያዎች እነዚህን ለይተው “መረጃ የለም” እና “መገናኘት አልተቻለም” የሚሉትን በተለያየ ቃል፣ ተጠቃሚው በሚረዳው ቋንቋ ሊያሳዩ ይገባል። እያንዳንዱ ክፍያ የራሱ መለያ ቁጥር ቢሰጠውና ድጋሚ ሙከራውም በዚያው ቁጥር ቢላክ፣ ሰርቨሩ ጥያቄው አንድ መሆኑን አውቆ ገንዘቡን አንድ ጊዜ ብቻ ይቆርጣል።

በመጨረሻም፣ ገጽ ባዶ ሆኖበት የተጨነቀ ሰው ለአጭበርባሪ የተመቸ ነው። “ላስተካክልልዎ” ብሎ የምስጢር ቁጥር የሚጠይቅ ማንም ቢሆን አይመኑት። አቤቱታን ለማጣራት የሚያስፈልገው የግብይቱ ቁጥር እንጂ የእርስዎ የምስጢር ቁጥር አይደለም።