ከየት መጣሽ?

ኤሊዬ እሜቴ ትባላለች። ጀርመን አገር ከአንድ አርቢ ስገዛት ግማሽ ሎሚ ታክል ነበር፤ ዛሬ ሙልሙል ዳቦ አክላለች። ከፍራንክፈርት ወደ ቨርጂኒያ ስዛወር አብራኝ መጣች። ይህን የሰማ የአገሬ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «እንዴት አድርገሽ አሳለፍሻት?» በካልሲ ጠቅልዬ ሻንጣ ሥር የደበቅኳት ይመስለዋል። እሜቴ ያለፈችው በጠራራ ፀሐይ፣ በፊት ለፊት በር፣ በወረቀት ነው። ያንን ወረቀት ብዙ ሰው የቢሮ ጣጣ አድርጎ ያየዋል። እኔ ግን የሰው ልጅ ለእንስሳት ብሎ ከጻፋቸው ጽሑፎች ሁሉ አብልጬ እወደዋለሁ።

መሠረቱ አጭር ነው። ሳይተስ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እ.ኤ.አ. በ1973 ዋሽንግተን ላይ ተፈርሞ በ1975 ሥራ ላይ ዋለ። ዛሬ ከ180 በላይ አገሮች አባል ናቸው፤ ኢትዮጵያም ከ1989 ጀምሮ አለችበት። ስምምነቱ ንግድ ሊያጠፋቸው የሚችሉትን ዝርያዎች በሦስት አባሪዎች ይመድባል። አባሪ 1 ላይ ያሉት ከዱር ተይዘው ለንግድ ድንበር አይሻገሩም። አባሪ 2 ላይ ያሉት በፈቃድ ይሻገራሉ። አባሪ 3 አንድ አገር «የእኔን ዝርያ ጠብቁልኝ» ብላ ያስመዘገበችው ነው። የየብስ ኤሊዎች በሙሉ፣ ዘንዶዎችና አዞዎች በሙሉ፣ እስስቶችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ዝርዝሩ ውስጥ አሉ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ እባብ ወይም እንሽላሊት ያለው ሰው ግን ቶሎ ደስ አይበለው፤ እያንዳንዱ አገር የራሱ ሕግ አለው። አውስትራሊያ የውጭ አገር ተሳቢዎችን ለቤት እንስሳነት አታስገባም፤ ኒውዚላንድ ደግሞ እባብ የሚባል ነገር ጨርሶ አትቀበልም።

ፈቃዱን የሚሰጠው እንስሳው የሚነሣበት አገር መሥሪያ ቤት ነው፤ በእኛ አገር የኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን፣ በጀርመን ቦን ከተማ ያለው የፌዴራል የተፈጥሮ ጥበቃ ቢሮ። ፈቃዱ ቢበዛ ለስድስት ወር ያገለግላል። ዋናው ቅጂ እንጂ ፎቶ ኮፒ ዋጋ የለውም። የእንስሳው ስም በላቲን ይጻፋል፤ «ኤሊ» ብሎ ማመልከት «ሰው ነኝ» ብሎ ፓስፖርት እንደመጠየቅ ነው። ከሁሉ በላይ ወረቀቱ ከእንስሳው በፊት ይወጣል። አየር ማረፊያ ደርሶ «በኋላ አመጣዋለሁ» ማለት አይሠራም።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ። ፈቃዱ ላይ፣ ከአባሪው ቁጥር ጎን፣ አንዲት የላቲን ፊደል ትጻፋለች። አመልካቹ ስሙ በትክክል መጻፉን፣ ማኅተሙ መኖሩን ያያል፤ እሷን ግን ዘሏት ይሄዳል። እኔ ሁልጊዜ መጀመሪያ የማነበው እሷን ነው። ያቺ ፊደል እንስሳዋን «ከየት መጣሽ?» ብላ ትጠይቃለች።

ደብሊው ከሆነች ከዱር ተይዟል ማለት ነው። ሲ ከሆነች በእርባታ የተወለደ ነው። አይ ከሆነች ከሕገ ወጥ ሰው እጅ የተወረሰ ነው። አር ደግሞ ለእኛ ቅርብ ናት፤ አርባ ምንጭ የአዞ እርባታን የጎበኘ ሁሉ ሳያውቀው አይቷታል። እዚያ የአዞው እንቁላል ከሐይቁ ዳር ተሰብስቦ ይፈለፈላል፣ ጫጩቱም በገንዳ ያድጋል። በዱር ቢቀር ኖሮ እንቁላሉን አርጃኖ፣ ጫጩቱን ወፍና ትልልቅ ዓሣ ይበሉት ነበር፤ ከብዙዎቹ ጥቂቶች ብቻ ናቸው ለአካለ መጠን የሚደርሱት። ስለዚህ ስምምነቱ ሊሞት የነበረውን ወስዶ ማሳደግን ከአደን ለይቶ ያየዋል፤ የራሱንም ፊደል ይሰጠዋል። አንዲት ፊደል ይህን ሁሉ የሐይቅ ዳር ታሪክ ስትሸከም ማየት እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል።

የሰዎች ትልቁ ስሕተት ግን ሲ ላይ ነው። «እቤት ነው የተወለደው፤ ፈቃድ ምን ያደርግለታል?» ይላሉ። ይህ አባባል ሁለት ጊዜ ይሳሳታል። አንደኛ፣ ሲ የተጻፈለትም እንስሳ ወረቀት ያስፈልገዋል፤ ፊደሏ ራሷ የምትጻፈው ወረቀቱ ላይ ነውና። ሁለተኛው ስሕተት የባሰ ነው፦ ቤት የተወለደ ሁሉ ሲ አይደለም።

አንድ ሰው እንቁላል የያዘች እስስት ከጫካ ይይዛል እንበል። ቤቱ ውስጥ ትጥላለች፤ ሃያ ጫጩት መስታወት ሣጥን ውስጥ ይፈለፈላል። ሰውዬው «እኔ ዘንድ ተወለዱ» ቢል አልዋሸም። ሲ ግን አይገባቸውም። ለሲ ወላጆቹ ራሳቸው በእርባታ ውስጥ ተገናኝተው የወለዱ፣ መጀመሪያም በሕግ የተገኙ መሆን አለባቸው፤ እርባታው ከዱር በየጊዜው አዲስ እናት ሳያመጣ ራሱን መተካት፣ ሁለተኛ ትውልድ ማፍራት ወይም ማፍራት እንደሚችል በሥራው ማሳየት አለበት። ይህን ሳያሟላ በእርባታ የተወለደው ኤፍ ይባላል። በሲና በኤፍ መካከል ያለው ልዩነት በጫካው ውስጥ የቀረችና ያልቀረች እናት ልዩነት ነው።

ይህ ጥብቅነት ለምን እንደመጣ ለመረዳት የኬንያንና የታንዛኒያን ጠፍጣፋ ኤሊ ማየት ይበቃል። ቅርፊቷ ለስላሳና ቂጣ የሚመስል ነው። ጠላት ስታይ እንደ ሌሎቹ ኤሊዎች ራሷን ሸሽጋ አትቀመጥም፤ ሮጣ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ትገባለች። በዓለም ላይ እንደ እሷ ያለ የለምና ሰብሳቢዎች ወደዷት፤ መውደዳቸውም ጎዳት። አንድ ጊዜ የምትጥለው ብዙውን ጊዜ አንድ እንቁላል ብቻ ነው። እንግዲህ ነጋዴ መጥቶ «እነዚህን መቶ ጫጩቶች እኔ ነኝ ያራባኋቸው፤ ሲ ጻፉልኝ» ሲል፣ ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ሠራተኛ አንድ ጥያቄ ብቻ ይበቃዋል፦ «ስንት እናቶች አሉህ?» ቀሪው የመደመርና የማካፈል ሒሳብ ነው። ይህች ኤሊ እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ አባሪ 1 ተዛወረች። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2016፣ አባል አገሮች አጠራጣሪ የእርባታ ቁጥሮችን የሚመረምሩበት ሥርዓት ዘርግተው ነበር፤ ከዱር የተያዘው በሲ ስም ታጥቦ እንደሚወጣ ገብቷቸዋል።

ቅርፊቱም ራሱ ይናገራል። በሜዳ ያደገች ኤሊ ቅርፊቷ ብዙ ጊዜ የተፋቀ፣ የእሳትና የጥርስ ጠባሳ ያለበት ነው፤ መዥገርም ይገኝባታል። በደረቅ ክፍልና በተሳሳተ ምግብ ያደገችው ደግሞ ቅርፊቷ እንደ ትናንሽ ጉልላት ወደ ላይ ይነሣል። አንድ የተሳቢ እንስሳት ገበያ ላይ «በእርባታ የተወለደች» የተባለች ኤሊ አንሥቼ፣ እግሯ እጥፋት ውስጥ የመዥገር ጠባሳ አይቻለሁ። ሻጩን ስለ እናቷ ስጠይቀው ስለ ዋጋዋ መለሰልኝ። አስቀምጫት ሄድኩ። እናንተም ሂዱ። ርካሽ የሆነችው እናቷን በእርባታ የመገበ ስለሌለ ነው።

ስለ «ፓስፖርት» ደግሞ ጥቂት ልበል። የአውሮፓ ኅብረት የቤት እንስሳት ፓስፖርት ለውሻ፣ ለድመትና ፌሬት ለሚባለው ትንሽ አውሬ ብቻ ነው፤ ኤሊ አይመለከታትም። እንስሳውን ይዞ ደጋግሞ ለሚጓዝ ሰው ሳይተስ እስከ ሦስት ዓመት የሚያገለግል የባለቤትነት ምስክር ወረቀት አለው፤ ይህን የሚያውቅ ጥቂት ነው። እሜቴ ግን ከፓስፖርት የሚበልጥ ነገር አላት፦ የሆዷ ፎቶግራፍ። የሆድ ቅርፊት ጥቁር ነጠብጣብ እንደ ጣት አሻራ የየራስ ነውና፣ ጀርመኖች ኤሊዋን ካሬ ወረቀት ላይ ገልብጠው ፎቶ ያነሡና ከሰነዷ ጋር ያያይዙታል፤ ስታድግ ፎቶው ይታደሳል።

ወደ አሜሪካ ሲኬድ የሚረሳው በሩ ነው። ፈቃድ የሚጠይቅ ሕያው እንስሳ በተመደቡ በሮች ነው የሚገባው፤ ባልቲሞር፣ ኒውዋርክ፣ ቺካጎና አትላንታ ከነሱ ውስጥ አሉ። አብዛኞቻችን የምናርፍበት ዋሽንግተን ደለስ ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ቲኬት ከመቁረጥ በፊት ይህን ማየት ነው። ለአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት መሥሪያ ቤት የሚቀርብ የማሳወቂያ ቅጽም አለ። እንስሳው በዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር ደንብ በተሠራ ሣጥን ይጓዛል፤ እባብ ከሆነ በጨርቅ ከረጢት ሆኖ፣ ከጉዞው በፊት ለቀናት ሳይበላ። የእጅ ሻንጣ የኤሊ ቦታ አይደለም። አገር ከገባችም በኋላ እጃችሁን ታጠቡ፤ አሜሪካ ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ኤሊዎችን መሸጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የከለከለችው ልጆች ወደ አፋቸው እያስገቧቸው በሳልሞኔላ ስለታመሙ ነው።

ኒውዋርክ ላይ ተቆጣጣሪዋ እሜቴን በሁለት እጇ ገለበጠቻት። የሆዷን ነጠብጣብ ከፎቶው ጋር አንድ በአንድ አስተያየች፤ ከዚያ ጣቷን ያቺ ፊደል ላይ አሳረፈች። «ሲ» አለች፤ ፈረመች። እሜቴን እንደምወዳት፣ ስንት ዓመት አብረን እንደኖርን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ስወጣ ግን ትክክል ሆኖ አገኘሁት፤ ወረቀቱ የተጻፈው ለእኔ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ለቀሩት ኤሊዎች ነው።

ባለፈው ክረምት አክስቴ እትዬ ከአዲስ አበባ ደወሉ። ግቢያቸው ውስጥ ለዓመታት የኖረች ነብርማ ኤሊ አለች፤ ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ከአዋሽ ሲመለሱ ከመንገድ ዳር ያነሷት። «ለልጅ ልጄ ልላክለት፤ አንቺ መንገዱን ታውቂዋለሽ» አሉኝ።

መንገዱን ማወቄ ነው የከበደኝ። ከሜዳ የተነሣች ናት፤ ፊደሏ ደብሊው ናት፣ ያለ ፈቃድም ነው የተነሣችው። ወረቀት ቢገኝላት እንኳ አሜሪካ ይህን ዝርያ ለቤት እንስሳነት ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ከልክላለች፤ የአፍሪካ መዥገር ከብትን፣ በግንና ፍየልን የሚገድል በሽታ ይዞ በኤሊዎቹ ላይ ሲመጣ ተገኝቷል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። ዝም አሉ፤ ከስልኩ ወዲያ ቅጠል የሚቆርጥ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

«እንግዲያው» አሉ በመጨረሻ፣ «ልጁ ይምጣና ይያት። እሱ ፓስፖርት አለው።»