ከዋግ ኽምራ ወደ ውጭ ሀገር የሚጓዙ ዜጎች ስለ መድን ሽፋናቸው ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦች

ከሰቆጣ ከተማ፣ ከድሃና፣ ከጋዝጊብላ፣ ከዝቋላ፣ ከአበርገሌና ከሌሎች የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ወረዳዎች ለሥራ፣ ለቤተሰብ ጥየቃ ወይም ለሃይማኖታዊ ጉዞ ወደ ውጭ የሚሄዱ ዜጎች ከፓስፖርትና ከቪዛ ጋር የመድን ሰነድ ይይዛሉ። ይሁንና ብዙዎች ሰነዱን ለቪዛ እንደሚያስፈልግ አንድ ወረቀት ከመቁጠር አልፈው ምን እንደሚሸፍንና ለማን እንደሚከፍል ሳያረጋግጡ ይጓዛሉ። ሰቆጣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ በመሆኗ ከጉዞ በኋላ የጎደለን ሰነድ ማሟላትም ሆነ ስህተትን ማስተካከል ቤተሰብን ለከፍተኛ ወጪና እንግልት ይዳርጋል። ስለዚህ የመድን ጉዳይ ከመኖሪያ ቀበሌ ከመነሣት በፊት ተጣርቶ ማለቅ ይኖርበታል።

1. ተጓዥ ሊኖሩት የሚችሉ የመድን ዓይነቶች

የመጀመሪያው ለውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት የሚገባ የሕይወትና የአካል ጉዳት መድን ነው። ሠራተኛው በሞት ሲለይ ወይም ለዘለቄታው ሲጎዳ በውሉ የተወሰነ ገንዘብ ይከፈልበታል። ሁለተኛው በመዳረሻው ሀገር ሕግ መሠረት የሚገባ የጤና መድን ሲሆን ሕክምናን ይመለከታል። ሦስተኛው ለአጭር ጊዜ ጉዞ የሚገዛ የጉዞ መድን ነው። ይህ ድንገተኛ ሕመምን፣ አደጋን፣ በሕክምና ምክንያት ወደ ሀገር መመለስን፣ እንደ ውሉም የሻንጣ መጥፋትንና የበረራ መሰረዝን ይሸፍናል።

እነዚህ ሦስቱ አንዱ ሌላውን አይተኩም። የሕይወት መድን ያለው ሠራተኛ ጉንፋን ቢይዘው ወይም ጥርሱን ቢታመም በዚያ ውል አይታከምም። የጤና መድን ካርድ ያለው ደግሞ በሞት ቢለይ ካርዱ ለቤተሰቡ ካሳ አያስገኝም።

በወረዳው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ዜጋም የአባልነት ደብተሩ በውጭ ሀገር አገልግሎት እንደማይሰጥ ሊያውቅ ይገባል። ሆኖም ደብተሩ ለሚቀረው ቤተሰብ ስለሚያስፈልግ ዓመታዊ መዋጮውን በወቅቱ የሚከፍል ሰው ከጉዞው በፊት መወሰን አለበት።

2. አረቦኑን የሚከፍለው ማን ነው?

በኢትዮጵያ የውጭ ሀገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 መሠረት ወደ ውጭ ሀገር ለሥራ ለሚሰማራ ሠራተኛ የመድን ሽፋን ወጪ የሚሸፍነው አሠሪው ነው። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራ ፈቃድና የመኖሪያ ፈቃድ ክፍያዎችም የአሠሪው ግዴታዎች ናቸው። ሠራተኛው የሚሸፍነው እንደ ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራ፣ ክትባት፣ የልደት የምስክር ወረቀትና የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያሉ ወጪዎችን ነው።

በመሆኑም ማንኛውም ኤጀንሲ ወይም ግለሰብ «ለኢንሹራንስ» በማለት ከሠራተኛው ገንዘብ ሊጠይቅ አይገባም። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ የቀረበለት ዜጋ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ለወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይኖርበታል። ለጉብኝት፣ ለሕክምና ወይም ለሃይማኖታዊ ጉዞ የሚሄድ ተጓዥ ግን አረቦኑን ራሱ ወይም የጋበዘው ሰው ይከፍላል።

3. የሽፋኑ ዘመን ከሥራ ውሉ ዘመን ጋር ሊመጣጠን ይገባል

የሥራ ውል አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ሲፈረም የመድን ሰነዱ ግን ለአንድ ዓመት ብቻ የተገባ ሊሆን ይችላል። ሳይታደስ ከቀረ ሠራተኛው ሁለተኛውን ዓመት ያለ ሽፋን ይሠራል። ስለዚህ ሰነዱ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን በግልጽ መነበብ፣ የማደስ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት።

ቀኖቹ የሚጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር በመሆኑ ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀይረው ሊያዙ ይገባል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 ማለት ታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው።

4. የመዳረሻውን ሀገር ግዴታ ማወቅ

የጤና መድን ሕግ ከሀገር ሀገር ይለያያል። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም ኤምሬቶች የግል ድርጅት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች የጤና መድን እንዲኖራቸው ተደንግጓል። በሳዑዲ ዓረቢያ ከሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የወጣው ግዴታ የተመለከተው ከአራት በላይ የቤት ሠራተኞች ያሉትን አሠሪ ነው። አብዛኛው ቤተሰብ አንድ ወይም ሁለት ሠራተኛ ብቻ ስለሚቀጥር ወደ ሳዑዲ የምትሄድ የቤት ሠራተኛ የሕክምና ወጪዋን ማን እንደሚሸፍን በሥራ ውሏ ላይ መጻፉን አስቀድማ ማረጋገጥ ይኖርባታል።

ወደ ሸንገን ቀጣና የአውሮፓ ሀገራት ለአጭር ጊዜ የሚሄድ ተጓዥ የሚያቀርበው የጉዞ መድን ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው፣ በቀጣናው ሀገራት ሁሉ የሚያገለግልና የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚያካትት መሆን አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ በሕክምና ምክንያት ወደ ሀገር መመለስንና ሞትንም መሸፈን ይጠበቅበታል።

5. መድን የማይሸፍናቸው ሁኔታዎች

ከሽፋኑ ዝርዝር እኩል መነበብ ያለበት ውሉ የማይሸፍናቸውን ሁኔታዎች የሚዘረዝረው ክፍል ነው። በአብዛኞቹ ውሎች ከጉዞው በፊት የነበረ ሕመም፣ እርግዝናና ወሊድ፣ በአልኮል መጠጥ ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ምክንያት የደረሰ ጉዳት እንዲሁም በራስ ላይ የሚደርስ ጉዳት አይሸፈኑም ወይም በገደብ ይሸፈናሉ።

በተለይ መታወቅ ያለበት ለጎብኚ የተዘጋጀ የጉዞ መድን የሥራ መድን አለመሆኑ ነው። በጉብኝት ቪዛ ሄዶ ሥራ የጀመረ ሰው በሥራ ላይ እያለ ጉዳት ቢደርስበት መድን ሰጪው የካሳ ጥያቄውን ሊቀበለው አይችልም። በሕገ ወጥ ደላላ አማካይነት በበረሃና በባሕር የሚጓዝ ሰው ደግሞ መድን የሚገባለት አሠሪም ሆነ በሕግ የሚጠየቅለት ኤጀንሲ የለውም። በሕጋዊ መንገድ በኤጀንሲ በኩል ለሄደ ሠራተኛ ግን የውሉ መብት ሲጣስ ኤጀንሲውና አሠሪው በአንድነትና በተናጠል ተጠያቂ ይሆናሉ።

ልጆቻቸውን ለመጠየቅ የሚጓዙ አረጋውያን ወላጆች የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም የልብ ሕመም ካለባቸው በማመልከቻው ላይ በትክክል ማስመዝገብ አለባቸው። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ሕግ የመድን ድንጋጌዎች መሠረት ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የቀረበ መረጃ ውሉን ዋጋ ያሳጣዋል። ተጨማሪ አረቦን መክፈል ቢያስፈልግም እንኳ እውነቱን ማስመዝገብ ሽፋኑ በችግር ጊዜ እንዳይታጣ ያደርጋል።

6. ተጠቃሚን በስም መሰየም

በሕይወት መድን ውል ላይ ካሳውን የሚቀበለው ሰው «ተጠቃሚ» ይባላል። ይህ ቦታ ባዶ ሲተው ወይም «ወራሾቼ» ተብሎ ብቻ ሲሞላ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 827 መሠረት ገንዘቡ የውርስ ሀብት አካል ይሆናል። ያን ጊዜ ቤተሰቡ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ማውጣት ይጠበቅበታል፤ በወራሾች መካከል ክርክር ከተነሣም ክፍያው ይዘገያል። ተጠቃሚው በስም ከተለየ ግን ገንዘቡ ወደ ውርስ አይገባም፤ በቀጥታ ለተሰየመው ሰው ይከፈላል።

ስለሆነም እናት፣ አባት፣ የትዳር ጓደኛ ወይም ልጅ በሙሉ ስም መመዝገብ ይኖርበታል። የሚጻፈው በአካባቢው የሚጠራበት የቤት ስም ወይም የክርስትና ስም ሳይሆን በመታወቂያው ላይ የሰፈረው ስም ነው። ሰነዱ በላቲን ፊደል የሚዘጋጅ ከሆነ የሠራተኛው ስም አጻጻፍ ከፓስፖርቱ ጋር አንድ መሆኑ ይረጋገጣል። ባለትዳሮች ጋብቻቸውን፣ ወላጆችም የልጆቻቸውን ልደት በቀበሌ አስመዝግበው ማስረጃ ቢይዙ በኋላ ዝምድናን ለማስረዳት አይቸገሩም። ተጠቃሚው ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላ ልጅ ከሆነ ገንዘቡን በልጁ ስም የሚረከበውና የሚያስተዳድረው ሰው ማን እንደሚሆን ቤተሰቡ አስቀድሞ ሊመክርበት ይገባል።

7. የጉዞ መድን ሲመረጥ ዋጋን ብቻ አለማየት

በራሱ ወጪ የጉዞ መድን የሚገዛ ዜጋ በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመው የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ወይም ከብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ካላቸው የግል የመድን ኩባንያዎች መግዛት ይችላል። ከመግዛቱ በፊት የሚከተሉትን ጥያቄዎች ለሻጩ ያቅርብ፦

• ከፍተኛው የሽፋን መጠን ስንት ነው? ለሕክምና የተመደበውስ ስንት ነው?
• ሽፋኑ በትራንዚት የሚታለፍባቸውን ሀገራት ያካትታል?
• የዕድሜ ገደብ አለው?
• አስከሬን ወደ ሀገር መመለስን ይሸፍናል?
• ሆስፒታሉ ሂሳቡን በቀጥታ ከመድን ሰጪው ይቀበላል? ወይስ ተጓዡ ከፍሎ በኋላ ይተካለታል?
• ቪዛ ቢከለከል አረቦኑ ይመለሳል?
• ከእያንዳንዱ ጉዳት ላይ ተጓዡ በራሱ የሚሸፍነው ድርሻ ስንት ነው?

የመጨረሻውን ነጥብ በምሳሌ ለማስረዳት፣ የተጓዡ ድርሻ 100 ዶላር ሆኖ የሕክምናው ወጪ 2,000 ዶላር ቢደርስ መድን ሰጪው የሚከፍለው 1,900 ዶላር ነው። አረቦኑ ዝቅተኛ የሆነ ውል ብዙ ጊዜ ይህ ድርሻ ከፍ ያለበት ወይም የሽፋን መጠኑ ያነሰበት ነው።

8. ጉዳት ሲደርስ የሚወሰዱ እርምጃዎች

ጉዳት የደረሰበት ተጓዥ ወይም ቤተሰቡ በሰነዱ ላይ ወደ ተጻፈው የአስቸኳይ ጊዜ ስልክ ወዲያውኑ ደውሎ የመዝገብ ቁጥር መቀበል አለበት። ውሉ የወሰነው የማሳወቂያ ጊዜ ካለፈ የካሳ ጥያቄው ተቀባይነት ሊያጣ ይችላል። የሆስፒታል ማስረጃ፣ ዋና ደረሰኞች፣ እንደ ሁኔታው የፖሊስ ሪፖርት ወይም የሞት የምስክር ወረቀት ተሟልተው መያዝ ይኖርባቸዋል። በውጭ ሀገር ያለ ዜጋ በአቅራቢያው የሚገኝ የኢትዮጵያ ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ጽሕፈት ቤት ድጋፍ እንዲሰጠው መጠየቅ ይችላል።

በኢትዮጵያ ሕግ በሚመራ የመድን ውል ላይ የሚነሣ የካሳ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል። በመሆኑም ቤተሰብ «ሐዘኑ ይውጣ» በሚል ጉዳዩን ማቆየት መብት ሊያሳጣው ስለሚችል ቢያንስ የጽሑፍ ጥያቄው በጊዜ መቅረብ አለበት። በሀገር ውስጥ መድን ሰጪ ውሳኔ ቅር የተሰኘ ደንበኛ ቅሬታውን በቅድሚያ ለኩባንያው ያቀርባል፤ ካልተፈታለትም በአዋጅ ቁጥር 746/2004 መሠረት የመድን ሥራን ለሚቆጣጠረው ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ማመልከት ይችላል።

9. ከጉዞ በፊት የሚከናወኑ ተግባራት

• ለሥራ የሚሄድ ዜጋ በወረዳው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በኩል በሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት መመዝገቡንና ኤጀንሲው ሕጋዊ ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጣል።
• የሥራ ውሉና የመድን ሰነዱ በሚረዳው ቋንቋ፣ በአማርኛ ወይም በኽምጣና፣ እንዲብራራለት ይጠይቃል፤ ያልገባውን ሰነድ አይፈርምም።
• የመድን ሰነዱን፣ የሥራ ውሉንና የፓስፖርቱን ቅጂ በሦስት ያዘጋጃል። አንዱን ይዞ ይጓዛል፣ ሁለተኛውን ፎቶ አንሥቶ በስልኩ ያስቀምጣል፣ ሦስተኛውን ሰቆጣ ወይም በመኖሪያ ቀበሌው ለሚቀር የቤተሰብ አባል ይሰጣል።
• ቅጂውን የሚይዘው የቤተሰብ አባል የመድን ሰጪውን ስም፣ የውሉን ቁጥርና የሚያበቃበትን ቀን እንዲያውቅ ያደርጋል። ውል መኖሩን ያላወቀ ቤተሰብ ካሳ ሊጠይቅ አይችልም።

ተጨማሪ ማብራሪያ የሚፈልጉ ዜጎች በሚኖሩበት ወረዳ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ወይም ሰቆጣ በሚገኘው የብሔረሰብ አስተዳደሩ የሥራና ክህሎት መምሪያ በአካል ቀርበው መጠየቅ ይችላሉ። ሲቀርቡም መታወቂያቸውን፣ ፓስፖርት ካላቸው ፓስፖርታቸውንና የተሰጣቸውን ማንኛውንም የውል ሰነድ ይዘው እንዲመጡ ይመከራል።