ሞተሩ ታደሰ ሲሉሽ፣ ስለ መጀመሪያዎቹ ሃያ ደቂቃዎች ጠይቂ

ደመወዝሽን አጠራቅመሽ አዲስ አበባ ላለው ወንድምሽ ላዳ ታክሲ ገዝተሽለት ከሆነ፣ አንድ ቀን «ካምሻፍቱ ተበልቷል፣ ሞተሩ ወርዶ መታደስ አለበት» የሚል ስልክ ሊደርስሽ ይችላል። ወዲያው ማጭበርበር ነው አትበይ፤ ላዳ በዚህ በሽታው የታወቀ ነው።

ካምሻፍት እየዞረ ቫልቮቹን የሚያስከፍት ዘንግ ነው። እዚህ ዓረቦቹ «ዓሙድ አል-ካማት» ይሉታል፤ «ዓሙድ» የእኛው «ዓምድ» ዘመድ ነው። በላዳ ሞተር ዘንጉ ከላይ ቴስታታው ውስጥ ተቀምጦ፣ ጉብታዎቹ ቫልቭ የሚጫኑትን ትንንሽ የብረት ክንዶች እየፈተጉ ይገፋሉ። ብረት በብረት ላይ ይንሸራተታል፤ በመካከላቸው ያለው ስስ ዘይት ብቻ ነው። ዘይቱ ደግሞ ከታች ተነስቶ እስከዚያ መውጣት አለበት።

አዲሱ ካምሻፍት የሚተርፈው ወይም የሚበላሸው ሞተሩ መጀመሪያ በተነሳበት ሰዓት ነው። ጉብታና ክንድ ገና አልተላመዱም። ነዳጅ ሳይሰጠው በዝግታ እንዲዞር ከተተወ ዘይቱ በደንብ አይደርሳቸውም። ስለዚህ እንደተነሳ በደቂቃ ወደ 2000 ዙር ከፍ ተደርጎ፣ ትንሽ ከፍ ዝቅ እያለ፣ 20 ደቂቃ ያህል መሥራት አለበት። ውሃው፣ ነዳጁና ዘይቱ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ በመጀመሪያው ቁልፍ ቢነሳ ይመረጣል፤ እንቢ ሲል ደጋግሞ ማስነሳት ጉብታዎቹ ላይ የተቀባውን ቅባት ይጠርገዋል።

እዚህ ላይ የሚያበላሸው ብዙ ጊዜ ችኮላ ነው። መካኒኩ ሌላ መኪና ይጠብቀዋል፣ ወንድምሽ ማታውኑ ሥራ መውጣት ይፈልጋል፣ አንቺም የላክሽው ገንዘብ ቶሎ እንዲመለስ ትፈልጊያለሽ። አንድ ቀን ታገሺው።

በስልክ ምን ትጠይቂያለሽ? የወጣውን አሮጌ ካምሻፍት በቪዲዮ ያሳይሽ። የተበላ ጉብታ ከጎረቤቶቹ አጥሮ በዓይን ይታያል። ክንዶቹስ አብረው ተቀይረዋል? አዲስ ካምሻፍት በአሮጌ ክንድ ላይ ከገባ ቶሎ ይበላል፤ «አሮጌዎቹ ደህና ናቸው» የሚለውን መልስ እኔ አልቀበልም። የቫልቩ ክፍተትስ ሞተሩ ቀዝቅዞ 0.15 ሚሊ ሜትር ላይ ተስተካክሏል?

ከ20 ደቂቃው በኋላ ዘይቱና ፊልትሮው ይቀየራሉ፤ የተፋተገው ብረት ብናኝ እዚያ ውስጥ ነው። ሁለት ጊዜ ዘይት መግዛት ማለት ነውና፣ ገንዘቡን ከመላክሽ በፊት በሒሳቡ አስገቢው።