ያውቁ ኖሯል? ወደ ግራ ለመታጠፍ መሪውን ወደ ቀኝ!

በፍጥነት የሚጓዝ ሞተር ሳይክል ወደ ግራ እንዲታጠፍ ከተፈለገ መሪው መጀመሪያ የሚዞረው ወደ ቀኝ ነው። የፊት ጎማው ለቅጽበት ወደ ቀኝ ሲሸሽ ሞተሩ ወደ ግራ ያጋድላል፤ የሚያዞረውም ይኸው ማጋደል ነው። ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ሳያውቀው ያደርገዋል። አውሮፕላን ከመሥራቱ በፊት በብስክሌት ንግድ ይተዳደር የነበረው ዊልበር ራይት ነጂዎችን እየጠየቀ፣ የገዛ እጃቸው የሚሠራውን እንደማያውቁ ታዝቧል።

በሞቶ ጂፒ የሞተር ሳይክል ውድድር ሞተሮቹ ከ60 ዲግሪ በላይ ያጋድላሉ፤ ከጉልበት አልፎ ክርን አስፋልት ይነካል። ተወዳዳሪዎቹ ከመቀመጫቸው ወደ ውስጥ የሚንጠለጠሉት ለታይታ አይደለም (ለፎቶግራፍ ማማሩ ባይካድም)። የሰውየው ክብደት ወደ ውስጥ ሲገባ፣ ሞተሩ በዚያው ፍጥነት ለመዞር ያን ያህል ማጋደል አያስፈልገውም።

በጀርመኑ የዛክሰንሪንግ የውድድር ሜዳ ከ13ቱ መታጠፊያዎች 10ሩ ወደ ግራ ናቸው። ስለዚህ የጎማው ቀኝ ጎን ሥራ ፈትቶ ይቀዘቅዛል፤ የቀዘቀዘ ጎማ ደግሞ መሬት አይቆነጥጥም። ከተከታታይ የግራ መታጠፊያዎች በኋላ የሚመጣው 11ኛው፣ ፈጣኑ የቀኝ መታጠፊያ፣ ብዙዎችን የጣለው በዚህ ነው። ጎማ አምራቾች ለእንዲህ ዓይነቱ ሜዳ ግራና ቀኙ በተለያየ ላስቲክ የተሠራ ጎማ ያቀርባሉ። ስፔናዊው ማርክ ማርኬዝ ግን ከ2010 እስከ 2021 እ.ኤ.አ. በሦስት የውድድር ደረጃዎች እዚያ 11 ጊዜ ተወዳድሮ 11 ጊዜ አሸንፏል።