በርሃሌ፦ የጨው መንገድ ማደሪያ

መቀሌ ገበያ ወጥቶ ጨው የሚገዛ ሰው ዋጋውን ይጠይቃል እንጂ መንገዱን አይጠይቅም። እስቲ እኛ መንገዱን እንጠይቅ።

መቀሌ ደጋ ናት፤ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች። ጨዉ የሚቆረጥበት የዳናክል ሜዳ ግን ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ይወርዳል። ሜዳው ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው። እዚያ አፋሮችና ከደጋ የወረዱ የትግራይ ሰዎች ጨዉን ከመሬት በእንጨት ፈንቅለው፣ በመጥረቢያ ጠርበው ለጭነት ያመቻቹታል። ከደጋ ጨው ሊያመጣ የሚወርደውን ሰው በትግርኛ አርሆ ይሉታል።

በሜዳውና በደጋው መካከል በርሃሌ አለች። በአፋር ክልል ያለች ትንሽ የቆላ ከተማ ናት። ከበርሃሌ ወደ ታች መንገዱ በገደል መካከል፣ በወንዝ ሸለቆ ውስጥ ያልፋል፤ የወንዙ አሸዋ ራሱ የግመል መንገድ ነው። ውኃ የሚገኘውም እዚያው ነው። በአፋርኛ «ኤላ» ማለት የውኃ ጉድጓድ ነው፤ በጨው ሜዳው ዳር ያለችው የሐመድ ኤላ መንደር ስሟን ያገኘችው ከዚህ ነው። በበረሃ ሰፈር የሚበቅለው ውኃ ባለበት ነውና። ነገር ግን ወንዝ ውኃ ሰጪ ብቻ አይደለም። በደጋ ሲዘንብ፣ በቆላ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጎርፍ ድንገት ይደርሳል። መንገደኛ በአሸዋው ላይ ተኝቶ ከሆነ ጉድ ነው።

ስንቅስ? ወደ ታች ሲወርዱ ለግመልና ለበቅሎ ድርቆሽ ይጭናሉ። ጥቂቱን በየመንገዱ አስቀምጠው ያልፋሉ፤ ሲመለሱ ያነሡታል። ሌባ ቢያነሣው ጨው የተሸከመው ከብት አቀበቱ ሥር ይቀራል።

ይህን ያህል የሚደከመው ለምንድን ነው? ጨው ለወጥ ብቻ አልነበረም፤ ገንዘብም ነበር። በ6ኛው መቶ ዓመት ኮስማስ የተባለ ጸሐፊ፣ የአክሱም ነጋዴዎች ጨው ይዘው ሄደው በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ በአገራችን ገበያዎች ይመነዘር ነበር። ከሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። አንድ ጠገራ ብር በትግራይ ብዙ አሞሌ ሲያመጣ፣ ርቆ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ጥቂት ብቻ ያመጣ ነበር። ልዩነቱ የግመሉና የነጂው ላብ ነው።

በ2000ዎቹ ዓ.ም. አስፋልት ወደዚህ ቆላ ወረደ። አርሆውም ጨዉን እስከ መቀሌ ማድረሱን እየተወ፣ በርሃሌ ላይ ሸጦ መመለስ ጀመረ፤ የቀረውን መንገድ መኪና ይዞት ይወጣል። ለግመሉ አቀበቱ ቀረለት፤ ይህ መልካም ነው። ለባለ ግመሉ ግን የረጅሙ መንገድ ትርፍም አብሮ ቀረበት። መኪናው እስከ ጨው ሜዳው ሲደርስ ደግሞ የግመሉ ሥራ ይበልጥ አነሰ።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነት በርሃሌ ደረሰ። መንገዱ ተዘጋ፤ ሕዝቡ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። በከተማዋ አጠገብ ባለው መጠለያ ይኖሩ የነበሩ የኤርትራ ስደተኞችም አብረው ሸሹ። ለእነርሱ ሁለተኛ ስደት ነበር። የበርሃሌ ሰው እህሉን ከደጋ፣ ደገኛው ጨዉን ከቆላ የሚያገኝበት መንገድ አንድ ነውና፣ ሲዘጋ የተዘጋው በሁለቱም ላይ ነበር።